የወንጀል ጥናት ለወጣት ተማሪ ይበጃልን?

በእንግሊዝና በዌልስ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ጥቂት የትምህርት ዓይነቶችን መርጠው ሁለት ዓመት ያጠናሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከምርጫዎቹ አንዱ የወንጀል ጥናት ሆኗል። ትምህርቱ ሰው ስለ ምን ወንጀል እንደሚሠራ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ቅጣትም ምን ዓላማ እንዳለው ይመረምራል።

ይህን የማይወዱ ሰዎች አሉ። «ወጣት መልካሙን ይማር እንጂ፣ ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ መስማት ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ተማሪው አሰቃቂ ታሪክ ለመስማት ብቻ የሚጓጓ ከሆነ የሌላው ሐዘን መዝናኛ ይሆንበታል። ነገር ግን ይህ ጥናት በሚገባ ለተማረው ሰው ከሁሉ በፊት ለፍርድ አለመቸኮልን የሚያስተምር ይመስለኛል።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይባላል። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንጀለኛ በተፈጥሮው የተለየ እንደ ሆነና በራስ ቅሉና በፊቱ ቅርጽ እንደሚታወቅ ጻፈ። እንግሊዛዊው የወህኒ ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶና ከሌሎች ሰዎች ጋር አስተያይቶ፣ ለወንጀለኛ ብቻ የተሰጠ መልክ እንደሌለ በ1913 ዓ.ም. አስታወቀ። በአገራችንም በቀድሞ ዘመን «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። መልክም ሆነ የልጅ አወዳደቅ ማስረጃ አይሆንም።

የሠለጠነ መሣሪያም ቢሆን ከስሕተት አያድንም። በ1974 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ እጅግ ተቆጣ፤ ፖሊስም ወዲያው ስድስት ሰዎችን ያዘ። በተከታዩ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ከማስረጃዎቹ አንዱ «እጃቸው ፈንጂ ነክቷል» ያሰኘ የኬሚካል ምርመራ ነበር። በኋላ ግን ያው ውጤት ከመጫወቻ ካርታ እንኳ ሊገኝ እንደሚችል ታወቀ፤ ሰዎቹም በዚያ ቀን በባቡር ሲጓዙ ካርታ ተጫውተው ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1991 ዓ.ም. ነጻ ሲለቃቸው 16 ዓመት በእስር አሳልፈው ነበር። በችኮላው የተጎዱት እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ የሟቾቹ ቤተሰቦችም እውነተኛውን ፍርድ ሳያገኙ ቀሩ።

በእንግሊዝ አገር 18 ዓመት የሞላው ዜጋ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ከሚወስኑት 12 ሰዎች አንዱ ሆኖ ሊጠራ ይችላል። እንግዲህ የ17 ዓመት ተማሪ ይህን ቢማር ቀደመ ሊባል አይገባም።

እኛስ ብንሆን ከዚህ ምን እንማራለን? በገበያ መካከል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ድንጋይ ለማንሣት የሚቸኩል ብዙ ነው፤ «ማን አየ? ምን አየ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ከእነዚህ ጥቂቶች ወገን ካላደረገን ተማርን ልንል አንችልም።