ጣዖት አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ግን ነው

ስለ ጦርነት ጨዋታ በወጣቶች ኅብረት መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፅ እሰማለሁ። አንደኛው «ምስል ነው፤ ጣዖት ነው፤ ከቤት ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ፕላስቲክ ነው፤ ታሪክ ነው፤ ምን ቸገራችሁ?» ይላል። ከሁለቱም አልስማማም፤ ከሁለተኛው ጋር ያለኝ ጠብ ግን የባሰ ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ለምትሆን ታንክ ተንበርክኮ የጸለየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ምስል ሁሉ ጣዖት ከሆነማ በልጅነታችን ከጭቃ ለሠራናቸው በሬዎችም ንስሐ ልንገባ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እንደሚሻል መናገሩ ነበር። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት መጣ። ቢሆንም አሳቡ ክፉ አልነበረም። ጨዋታን ስለ ጨዋታነቱ ብቻ የሚያወግዝ ወንድም እንግዲህ ከእኔ ድጋፍ አይጠብቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። «ታሪክ ነው» ያለውን ቃሉን እንያዝበት፤ ታሪክ ከሆነ እውነት መሆን አለበትና።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ወዳጆች አሉት። ታንኩ ተበታትኖ በሳጥን ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል በመቁረጫ ይለቀማል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በሙጫ ይያያዛል። ከሚዘወተሩት መጠኖች አንዱ የእውነተኛው አንድ መቶኛ ነው፤ በዚህ ልክ ወታደሩ ከ15 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። የጀርመን ታንክ እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ ጥቁር ግራጫ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠቆር ያለ ቢጫ፣ በላዩም ቀይ ቡናማና የወይራ አረንጓዴ ሆነ። ስለ ቢጫው ትክክለኛ ዓይነት ሠሪዎቹ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታሉ። ቡናማ ቀጭን ቀለም በየስንጥቁ ይፈስሳል፣ ጠርዙ በደረቅ ብሩሽ ይነካካል፣ ሰንሰለቱ ጭቃ ይቀባል፤ በመጨረሻም የክፍለ ጦሩ ምልክት በወረንጦ ተይዞ ይለጠፋል። ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ። የዚህ ሩብ ትጋት በረቡዕ ምሽት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ቢታይ ይህን ጽሑፍ ትቼ ስለ እሱ እጽፍ ነበር።

ሙሉ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር እሠራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ታንክ ብቻ አይበቃውም። ክፍለ ጦር ማለት እግረኛው፣ መሐንዲሱ፣ መድፈኛው፣ የመገናኛ ሠራተኛው፣ አምቡላንሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሻምበል ሳይቀር ነው። የጋጋሪዎቹን የጭነት መኪና እንኳ ሳይተው ለመሥራት የሚተጋ ሰው አለ። ምንም ነገር አለመጉደሉ የሠሪው ክብር ነው።

እንግዲያው ስለ ጎደለው ነገር እንነጋገር። በሠሪዎቹ ዘንድ ከሚወደዱት አንዱ 12ኛው የኤስ ኤስ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ነው፤ ኤስ ኤስ ማለት ከመደበኛው ሠራዊት ሌላ የናዚ ፓርቲ የራሱ ታጣቂ ነው። የክፍለ ጦሩ ስም «ሂትለርዩገንድ»፣ ማለትም «የሂትለር ወጣቶች» ይባላል። የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፓንተር ታንኮች ነበሩት። በኖርማንዲ፣ በካን ከተማ ዙሪያ፣ ጽኑ ውጊያ ተዋግቷል። ከጣሊያን ሠራዊት ከተወሰደ ዥንጉርጉር ጨርቅ የተሰፋ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ነበሩት፤ ያንን ዥንጉርጉር ከጥፍር በማይበልጥ ሰው ላይ መቀባት የሠዓሊ ፈተና ነው።

ክፍለ ጦሩ የተቋቋመው በ1943 ነው። ተራ ወታደሮቹ በአብዛኛው በ1926 የተወለዱ፣ ከፓርቲው የወጣቶች ድርጅት የተመለመሉ ልጆች ነበሩ። 18 ዓመት ላልሞላቸው በሲጋራ ፈንታ ከረሜላ ይታደላቸው ነበር።

ኤፕሪል 1 ቀን 1944፣ በሆሳዕና ዋዜማ ሌሊት፣ ከዚሁ ክፍለ ጦር ወታደሮች የጫነ ባቡር በሰሜን ፈረንሳይ አስክ በምትባል መንደር ሲያልፍ ሐዲዱ ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ከወታደሮቹ አንድም አልሞተም። ከባቡሩ ወርደው ወንዶቹን ከየቤታቸው እየጎተቱ አወጡ፤ 86 ሰው ገደሉ። የሰበካው ቄስ ከሟቾቹ አንዱ ነበር። የመጨረሻው ታናሽ 15 ዓመቱ ነበር። በጁን ደግሞ በካን አጠገብ በሚገኘው በአርዴን ገዳም 20 ያህል የካናዳ ምርኮኞች በዚሁ ክፍለ ጦር ሰዎች ተገደሉ። በገዳሙ መምሪያውን ያቋቋመው የሬጅመንት አዛዥ ኩርት ማየር ከጦርነቱ በኋላ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት፤ በ1954 ተፈታ።

የዳቦ ጋጋሪው መኪና ባልቀረበት ጠረጴዛ ላይ የአስክ ባቡር የለም። የቢጫውን ልክ ለይቶ የሚያውቅ ሰው 86 የሚለውን ቁጥር ሰምቶት አያውቅም። የሐሰት ምስክርነት የምለው ይህንን ነው። ሐሰተኛ ምስክር ሁሉ የሌለ ነገር አይፈጥርም፤ አንዳንዱ የከሳሹን ልብስ ቀለም ሳይሳሳት ነግሮ ግድያውን ብቻ ይዘላል፤ ዳኛውም በትክክለኛው ቀለም ምክንያት ሌላውን ያምነዋል። በጀርመን አገር የስዋስቲካ ምልክትን ማሠራጨት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ብዙ ሳጥኖች ምልክቱ ወጥቶላቸው ይሸጣሉ። ምልክቱን ማውጣት ቀላል ነው። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ንጹሕ መምሰሉ ነው የሚያሳስበኝ።

«ይህ ከእኛ ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ምን አገናኘው?» የምትል ወንድሜ፣ እነዚያ ልጆች ከየት እንደ መጡ ልንገርህ። በዲሴምበር 1933 የጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የራይኽ ጳጳስ የነበረው ሉድቪግ ሙለር ከሂትለር ወጣቶች መሪ ከባልዱር ፎን ሺራህ ጋር ስምምነት ፈረመ። በስምምነቱ መሠረት የወንጌላውያን ወጣቶች ማኅበር አባላት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ወደ ፓርቲው ድርጅት እንዲገቡ ተደረገ። የተቃወሙ መጋቢዎችና የወጣት መሪዎች ነበሩ፤ ስምምነቱ ግን ጸና። በ1926 የተወለደው ልጅ በዚያ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ሲደርስ ደንብ ልብስ አልብሶ፣ መዝሙር አስተምሮ፣ ድንኳን አስተክሎ የሚቀበለው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ተፈርሞ ነበር። እንደ እናንተ ያለ ኅብረት፣ ምናልባትም የራሱ መጽሔት የነበረው፣ በአንድ ብዕር ተላልፎ ተሰጠ።

«እሺ፣ ኤስ ኤሱን ልተወው፤ መደበኛውን ሠራዊት እሠራለሁ» የሚል ብልህም አለ። የመደበኛው ወታደር የቀበቶ ዘለበት ላይ ምን ተጽፎ እንደ ነበር ያውቃል? «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ነው። አማኑኤል የሚለውን ስም ቀበቶ ላይ አድርገው ዘመቱ። በአንድ መቶኛ መጠን ጽሑፉ አይታይም፤ ሠሪውም አይጠየቅበትም። ጁን 7 ቀን 1940፣ በፈረንሳይ ኤሬን በተባለች ከተማ፣ በሊብረቪል የተወለደው ሻምበል ሻርል ንቾሬሬ ጥይቱን ጨርሶ ከወታደሮቹ ጋር ተማረከ። ጀርመኖቹ ጥቁሮቹን ለይተው ሲያቆሙ እሱ መኮንን በመሆኑ እንደ መኮንን እንዲያዝ ጠየቀ። በጥይት ገደሉት። አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ስም ሳያውቅ የፓንተርን የመድፍ ርዝመት በቃሉ የሚያውቅበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

«ሌሎቹስ አልገደሉም?» ገድለዋል። የእነሱን ሳጥን የሚያጥብ ሲመጣ ያኔ እንነጋገራለን።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው ካለ ወደ ቤት ላቅርብለት። በ1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ተዋጊዎች በደምበጉና ትንንሾቹን የጣሊያን ታንኮች ተጠግተው አንኮታኩተዋቸዋል። ያን ዓይነት ታንክ ዛሬ በአነስተኛ ሞዴል ይሸጣል፤ መሸጡም አያስቆጣኝም። ነገር ግን አንድ ሰው የግራዚያኒን ሠራዊት አሳምሮ ቀብቶ፣ የየካቲት 12ንም የደብረ ሊባኖስንም ስም ሳያነሣ «ታሪክ ወዳድ ነኝ» ቢለን አንደኛችንም ዝም አንልም ነበር። የአስክ ሟቾች የልጅ ልጆችም እንደ እኛው ሰዎች ናቸው።

«ታዲያ ጀርመንን ማን ይጫወት? ኖርማንዲ ያለ ጀርመን እንዴት ይሆናል?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ አንድ ሰው ከዚያ ወገን መቀመጥ አለበት። እኔ ብሆን 12ኛውን ክፍለ ጦር አልሠራም፤ ሌላም እንዳይሠራው እመክራለሁ። ሥራውን የጀመረ ግን ሳጥኑን ከመጣሉ በፊት ጎዶሎውን ይሙላ። ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ባልንጀራው፣ መጀመሪያው ዳይስ ከመጣሉ በፊት፣ ይህ ክፍለ ጦር አስክ ላይ ምን እንደ ሠራ ይንገረው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባልንጀራው የመጫወት ፍላጎቱ ከጠፋ፣ ቀድሞ ፍላጎቱን ይዞት የነበረው ምን እንደ ሆነ አብረው ያስቡበት። ፕላስቲኩን ነክተው የማያውቁ፣ ያንኑ ታንክ ግን በስልካቸው ጌም ላይ የሚነዱ የኅብረታችን ልጆችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

አንድ ጥሩ ክርክር ቀርቷል። «እነሱም ልጆች ነበሩ፤ ተታለው ነው» የሚል። እውነት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። እንግዲያው ሠዓሊው ቢያንስ ይህን ያክብርላቸው፦ የወታደር ፊት ሲቀባ በአገጭና በጉንጭ ላይ የጺም ጥላ የሚሰጥ ቀጭን ሰማያዊ ግራጫ ማስነካት የተለመደ ነው፤ ፊቱን ያጠነክረዋል፣ ያስፈራዋል። ይህ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ከረሜላ ነው። ጥላውን ይተውለት።