የፈጣን ቡድን መለኪያው ኋላ የቀረው ነው

ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ በሳይክል የሚወጣ ወጣት ከከተማው ወጣ እንዳለ አንድ ነገር ይገባዋል። ዳገት ወሬ አይወድም። ሜዳ ላይ ሲፎክር የነበረው ዝም ይላል፤ ዝምተኛው ደግሞ ቀስ እያለ ከፊት ይወጣል። አምስት ሆነው የተነሱ ጓደኞች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ቦታ ይበተናሉ። ፊተኛው ኩርባውን ዞሮ ይሰወራል። ኋለኛው ብቻውን ይቀራል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ፊተኛው ይጠብቅ ወይስ ይሂድ?

«ይሂድ እንጂ፣ ስፖርት አይደል?» የሚል ብዙ ነው። «ይጠብቅ፣ አብረው ወጥተው የለ!» የሚልም አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዳገቱ ላይ መሄድ አለበት። ጫፉ ላይ መጠበቅ አለበት። ቁልቁለቱን ደግሞ አብሮ መውረድ አለበት። ይህን የማያደርግ ስብስብ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ቡድን ግን አይባልም።

ነገሩ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው መሬቱን ይመልከት።

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጌዴኦ ዞን ዝቅተኛው ቦታ በአባያ ሐይቅ በኩል ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ከፍተኛው ደግሞ ቡሌ ወረዳ ውስጥ 3,000 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስምጥ ሸለቆው በምሥራቅ የሚያልቅበት ተረተር ነው። በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ቆላው፣ ወይና ደጋውና ደጋው እንደ መሰላል ተደራርበዋል። ጋላቢው ከታች ቡናና እንሰት መሀል ላቡን እየጠረገ ይነሳል፤ ከላይ ቡናው አልቆ እንሰትና ገብስ ብቻ ሲቀር ብርዱ ይቀበለዋል። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከሺህ ሜትር በላይ ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ኪጋሊን ማሰብ ይበቃል። የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ የተካሄደው መስከረም 2018 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ነው። የዋናው የወንዶች ውድድር ርዝመት 267.5 ኪሎ ሜትር፣ አጠቃላይ ዳገቱ 5,475 ሜትር ነበር። ከባድ ተብሎ ዓለም ያወራለት ዳገት ከዲላ ቡሌ አራት አምስት ጊዜ እንደ መመላለስ ነው። ሩዋንዳ ኮረብታዋን ለዓለም አሳየችበት። ጌዴኦም ተራራ አላነሰውም። ያነሰው ተራራውን አብሮ የሚወጣ፣ ሥርዓት ያለው ቡድን ነው።

ለነገሩ ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ስፖርት አይደለም። አገሪቱ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ የቀረበችው በሁለት ስፖርቶች ብቻ ነበር፤ በሩጫና በብስክሌት። ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች የዚያን ጊዜ ስሞች ናቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤት ኤርትራማ ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣውን ዳገት ትምህርት ቤት አድርጋ ቢንያም ግርማይን የመሰለ አፍርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከቱር ደ ፍራንስ ሦስት ደረጃዎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል።

የበቆጂ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የአርሲዋ ትንሽ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የሰጠችው ከሌላው የኢትዮጵያ ደጋ የተለየ አየር ስላላት አይደለም። ከፍታዋ ከቡሌ ብዙም አይለይም። የነበራት ነገር በየማለዳው አብሮ የሚሮጥ ቡድንና እንደ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያለ ልጆቹን የሚሰበስብ ሰው ነው። ከፍታ ብቻውን ሳንባ ያሰፋ እንደሆነ እንጂ ሻምፒዮን አያወጣም።

እሺ፣ ቡድኑ ተሰበሰበ እንበል። ዳገት ላይ ምን ይሆናል?

ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ጠላቱ ንፋስ ነው። ፊተኛው ንፋሱን ሲሰብር ተጠግቶት የሚከተለው ከሩብ እስከ ሢሶ ጉልበቱን ይቆጥባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ሜዳ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ደካማውም ከጠንካራው ኋላ ተደብቆ አርባ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊሄድ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ አሥራ አምስትና ከዚያ በታች ይወርዳል። ንፋሱ ይጠፋል፤ መደበቂያውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ቡድኑ የሚበተነው በክፋት ሳይሆን በተፈጥሮ ሕግ ነው። ስለዚህ ጠንካራውን «ቀስ በል፣ ከእኛ ጋር ውጣ» ማለት እሱንም ማባከን ነው። ይሂድ። የራሱን ልክ የሚያውቀው እዚያ ነው።

ነገር ግን ፊተኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ኋላውን ሲያይ አንድ ስሌት ቢያውቅ መልካም ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 9 ኪሎ በምትመዝን የውድድር ሳይክል በአንድ ሰዓት 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 200 ዋት ገደማ ጉልበት ያወጣል። ያው ወጣት ያንኑ ጉልበት እያወጣ 20 ኪሎ የምትመዝን የብረት ሳይክል ቢይዝ ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል። ያውም ማርሽ የሌላት ሳይክል ብትሆን ወርዶ ሊገፋት የሚችል መሆኑ ሳይቆጠር ነው።

ዘጠኙ ደቂቃ የችሎታ ልዩነት አይደለም። የኪስ ልዩነት ነው። እንደ ዲላ ባለ ከተማ፣ አንዱ ከውጭ ዘመድ የላከለትን ሳይክል፣ ሌላው ዕቃ የሚመላለስበትን ሳይክል ይዞ በሚመጣበት ቡድን፣ ኋላ የቀረው ምናልባት ከሁሉም ብርቱው ይሆናል። ሳይጠብቁት የሚሄዱ ሰዎች ማንን ጥለው እንደሄዱ አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዳገት ያደክማል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው ቁልቁለት ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ጋላቢ አደጋ አይቶ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም በደረቅ አስፋልት 15 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል። በ60 የሚወርደው ግን 45 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህ ጥሩ ፍሬን ላለው ነው። ያለቀ የፍሬን ላስቲክ፣ በዝናብ የራሰ ቸርኬ፣ ኩርባው ላይ የፈሰሰ ጠጠር ሲጨመርበት ስሌቱ ራሱ ይጠፋል። ጌዴኦ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በደንብ የሚዘንብበት አገር ነው። ከላይ ሲዘንብ ከታች ደረቅ፣ ከታች ሲዘንብ ከላይ ጉም ሊሆን ይችላል።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳ ከዚህ አላመለጡም። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው ጂኖ ሜደር በአገሩ ውድድር ላይ ከአልቡላ ተራራ ሲወርድ ገደል ገብቶ በማግስቱ አረፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ መስከረም 2017 ዓ.ም. ዙሪክ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የ18 ዓመቷ ሙሪየል ፉረር በዝናብ በራሰ የጫካ ቁልቁለት ላይ ወደቀች። መኪናው፣ ዳኛው፣ ካሜራው በሞላበት ውድድር መውደቋን ማንም ሳያይ ብዙ ቆየ። እሷም በማግስቱ ሞተች።

የዚህች ልጅ ታሪክ ለዲላ ወጣቶች የሚናገረው ነገር አለ። ያን ያህል ዝግጅት ባለበት ቦታ አንድ ሰው ሳይታይ መቅረት ከቻለ፣ ማንም በማይቆጥርበት የጓደኛሞች ጉዞ ምን ሊሆን ነው? ፊተኞቹ ዲላ ገብተው ሻይ ሲያዙ «እሱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ ኩርባው ሥር የወደቀው ልጅ የሚገኘው መንገደኛ ካየው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ያ መንገድ የብስክሌተኞች ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ደግሞ 700 ሰው ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። በሌላ አገር የተራራ መንገድ ማለት ጫካና ዝምታ ነው። እዚህ የተራራ መንገድ ማለት ሰፈር ነው። ቤቱ ከመንገዱ ጠርዝ ይጀምራል። ቆጮ ተሸክማ ገበያ የምትወርድ እናት፣ ጀሪካን የያዘ ሕፃን፣ ማሰሪያዋን የበጠሰች ጥጃ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ጆንያ የጫነ አህያ፤ ሁሉም እዚያው ናቸው። ከዲላ በወናጎና በይርጋ ጨፌ ወደ ቡሌ ሆራ የሚሄደው አስፋልት ደግሞ የሞያሌ መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። በ60 የሚወርድ ጋላቢ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ባዶ ኩርባ አይደለም፤ ሰው ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን ብቻ አይደለም። አንዱ በሌላው ጥላ ሥር የሚያድግበትን አኗኗርም ጭምር ነው። ትልቁ ዛፍ እንሰቱን፣ እንሰቱ ቡናውን ይሸፍናል። በዚህ አገር መሀል ፍጥነቱን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ቡድን አገሩን አላየውም።

«ሰው ሥራ አጥቶ ስለ ሳይክል ታወራላችሁ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ሥራ ያጣ ወጣት ጠዋቱን የሚያሳልፍበት መንገድም ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ወጣቱ ተፈቀደለትም አልተፈቀደለትም ይጋልባል። የተበደረውን ሳይክል ይዞ፣ ሄልሜት ሳያደርግ፣ ጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ዳገት ሲወጣ የሚታይ ልጅ በየከተማው አለ። ምርጫው በመጋለብና ባለመጋለብ መካከል ሳይሆን በሥርዓት በመጋለብና እንዲሁ በመጋለብ መካከል ነው።

ሥርዓቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ስምምነት ነው።

አንደኛ፦ ሳይነሱ መቆጠር። ስንት ሆነው ወጡ? የሁሉም ፍሬን ይይዛል? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሄልሜት የሌለው ሜዳ ላይ ይለማመድ፤ ተራራ አይውጣ።

ሁለተኛ፦ አንድ ፊታውራሪና አንድ ደጀን መመደብ። ፊታውራሪነቱን ሁሉም ይመኘዋል። ደጀንነቱን ግን ከቡድኑ ጠንካራው በተራ ይያዘው። ከኋላ ሆኖ የመጨረሻውን ሰው ሳይቀድም መውጣት ከፊት ከመሮጥ የበለጠ ጉልበትና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ዳገቱ ነፃ ነው፤ የቻለ ይሩጥ፣ ሰዓቱንም ይያዝ። ጫፉ ላይ ግን የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ፣ ደርሶም ትንፋሹን ሳይሰበስብ ማንም አይወርድም። ብርድ ስለሚሆን ጃኬት መያዝ ነው። ላብ ያረሰው ሰው ቡሌ ላይ ቆሞ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ፍሬን በደንብ አይዝም።

አራተኛ፦ ቁልቁለቱ ውድድር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ማን ቀደመ ተብሎ አይጠየቅ፣ አይጨብጨብ። ሰው በሚታይበት ቦታ ሁሉ ፍጥነት ይቀነስ፤ ዲላ ሲገባ እንደገና ይቆጠር።

ለአስተዳደሩም ድርሻ አለ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በእሑድ ጠዋት አንዳንድ መንገዶችን ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ማድረግ ጀምራ ነበር። የሞያሌን መንገድ ዝጉ የሚል የለም። ነገር ግን በወር አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሳይበዛ፣ ከፊት አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር፣ ከኋላ አንድ መኪና ማሰለፍ ለዞኑ የሚከብድ አይደለም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ ነው፤ ሆስፒታልም አለው። የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምር፣ የልጆቹን የልብ ምትና ሰዓት የሚመዘግብ ሰው ከዚያ አይጠፋም። ከዚህ መሀል አንድ ቀን ስሙ የሚጠራ ጋላቢ ቢወጣ እሰየው። ባይወጣም ጥቂት ወጣቶች በልተው፣ ተኝተው፣ በጊዜ ተነስተው ተራራ መውጣትን ይለምዳሉ። እሱም ትርፍ ነው።

የሚቀረው የጋላቢዎቹ ፈንታ ነው። ቡድኑ ዲላ ሲመለስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አንደኛ ወጣ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን «ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ? ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ስለ ሰዓቱ ማውራት ይቻላል።