ባል በስደት፣ ሚስት በኮልፌ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ ቃል ለርስት ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ዳሩ ግን ባል በሰው አገር ጥገኝነት አግኝቶ ሚስት በአገሯ በቀረችበት ቤት እውነተኛነቱን ዘወትር እናየዋለን።

በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ ተቀምጠን ስንጽፍ ከኮልፌ ቀራንዮ አንዲት ባለ ትዳር መጣች። ባሏ በአሜሪካ ጥገኝነት ካገኘ 2 ዓመት ሊሞላው 40 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ጋብቻቸው በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ወረቀት አልነበራትም። «ጌታዬ፣ ሰርጌን ሰፈሩ ሁሉ በልቶታል፤ ደግሞ ለምን ወረቀት እጠየቃለሁ?» ብላ አለቀሰች።

የቀኑ ነገር እንዲህ ነው። በአሜሪካ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ሚስቱንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገቡ ልጆቹን አይ-730 በሚባለው ማመልከቻ መጥራት ይችላል፤ ለእያንዳንዱም ሰው ለብቻው ማመልከቻ ይቀርባል። ዳሩ ግን ጋብቻው ጥገኝነቱ ከመፈቀዱ አስቀድሞ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ ማመልከቻውም ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ቀን ያለፈ እንደ ሆነ፣ ስለ ርኅራኄ ካልታለፈለት በቀር በሩ ይዘጋል።

ቀኑ ያለፈበት ወይም ከጥገኝነቱ በኋላ ያገባ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ይኸውም ከ1 ዓመት በኋላ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ጠይቆ፣ ያንንም ሲያገኝ አይ-130 በሚባለው ማመልከቻ ሚስቱን መጥራት ነው። ነገር ግን በዚህ በኩል በየዓመቱ የሚሰጠው ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ስለ ሆነ ተራው ይረዝማል፤ ባልየው ዜግነት ያገኘ እንደ ሆነ ግን ይህ የቁጥር ገደብ ሚስቱን አይነካትም። በጀርመን አገርም ስደተኛነቱ የታወቀለት ሰው በ3 ወር ውስጥ ያመለከተ እንደ ሆነ የገቢና የመኖሪያ ቤት ማስረጃ ይቀርለታል። እንግዲህ በየአገሩ ቀን ቸል ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ እኩል ያውቃል፤ ሁሉም እንዲመዘገብ ያዛል። የምስክር ወረቀት የሌላቸውም ባልና ሚስት ተብለው መኖራቸውን በምስክሮች አስረድተው ከፍርድ ቤት ማረጋገጫ ያገኛሉ።

ለዚያች ሴትም የሆነው ይኸው ነው። ጎረቤቶቿ ቀርበው መሰከሩላት፤ ማረጋገጫው ተሰጣት፤ የባሏም ማመልከቻ ቀኑ ሊያልፍ 6 ቀን ሲቀረው ገባ። እርሷ ግን እስከ ዛሬ ተራዋን ትጠብቃለች።

ስለዚህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ይህ ነው። የተጋባ ሁሉ ጋብቻውን በወረዳው ያስመዝግብ። የሰርጉን ፎቶግራፍ፣ የተጻጻፉትን ደብዳቤና የገንዘብ መላኪያውን ደረሰኝ በደኅና ቦታ ያኑር። ከፍርሃት የተነሣ «ሚስት የለኝም» ብሎ ያመለከተ ሰው ኋላ ሚስቱን ሲጠራ ፊተኛው ቃሉ ይመሰክርበታልና እውነቱን ከመጀመሪያው ይናገር። ገንዘብ ተቀብለው «እኛ እናስጨርሳለን» የሚሉትን ደላሎች አትመኑ፤ ሥርዓቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥም ከኤምባሲው ወይም ሕግ ከሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ።

ስደት ባልና ሚስትን በባሕር ይለያያል፤ ቸልታ ግን ከባሕር የሰፋ ይሆናል።