ዳለስ – ቦሌ 13 ሰዓት፤ ቦሌ – አምቦስ?

ከዋሽንግተን ዳለስ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዳለስ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል።

ከቦሌ ሲነሳ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ጭኖ መነሳት ይከብዳል፤ ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ጉዞው 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል። ርቀቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ሒሳብ እዚህም አያበቃም። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የአየሩ ጉዞ አንድ መቶኛ ማለት ነው። ይህችን አንድ መቶኛ ለመጨረስ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አልፎ በቡራዩ መግባት፣ ከዚያም አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ነው። በረራው ማታ ከሆነ መንገዱ ሳይጨልም ተብሎ በጠዋት ይወጣል። ለጉደርና ለጌዶ ሰው ደግሞ ይብሳል።

የእናቱን መርዶ ሰምቶ ከሜሪላንድ የተነሳን ልጅ አስቡት። ውቅያኖሱን በሰዓቱ ይሻገራል። ለቀስተኛው ቆሞ የሚጠብቀው፣ ስልክ የሚደወለው፣ «የት ደረስክ?» የሚባለው ከቦሌ ከወጣ በኋላ ነው።

ጅማ ከአምቦ ሦስት እጥፍ ይርቃል። የጅማ መንገደኛ ግን ሻንጣውን እዚያው አስረክቦ፣ በአንድ ትኬት ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ይሄዳል። ቅርብ መሆን አምቦን ጎዳት እንጂ አልጠቀማትም።

ታዲያ አምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራላት? አይደለም፤ ለ115 ኪሎ ሜትር አውሮፕላን አያዋጣም። የአቡዳቢው ኢትሃድ የዱባይ መንገደኞቹን የሚያመላልሰው በአውቶቡስ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ርቀትም ከዚህ ብዙም አይለይም። ሰዓቱን የሚያከብር፣ ከበረራው ጋር የተቀናጀና በትኬቱ የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ከአምቦ ቢነሳ ሆለታም ጊንጪም ይጠቀማሉ።

ነገሩ አሁን መነሳት ያለበት በምክንያት ነው። አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የታሰበው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ነው። ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን የበለጠ ጭኖ ይነሳበታል፤ ለዋሽንግተኑ በረራ መልካም ዜና ነው። ለአምቦ ሰው ግን መንገዱ ረዘመ ማለት ነው። ከመዲናዋ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ቢሠራ እንኳ ከምዕራብ የሚመጣው አዲስ አበባን ማቋረጡ አይቀርለትም።

የማረፊያው ዕቅድ ሲወጣ የምዕራቡ መንገድም አብሮ ይታቀድ። ሰው ጉዞውን የሚቆጥረው ከደጁ ተነስቶ ደጁ እስኪመለስ ነው፤ ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ አይደለም።