ከማስነሣት በፊት መለካት

«ሲስተም የለም»። ይህን ቃል ከባንክ መስኮት እስከ ሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ ድረስ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። ቃሉን ልብ ብለን ካደመጥነው እንግዳ ጠባይ አለው፤ የኮምፒዩተሩን መድከም እንደ ዝናብ መጥፋት ማንም ያላመጣው፣ ማንም የማይመልሰው ነገር ያስመስለዋል። ተሰልፎ የቆመውም ሰው ይህንኑ አምኖ ነገ ለመመለስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ያለን ሰዎች ግን ይህን ቃል እንደ ማብራሪያ ልንቀበለው አይገባም። ምክንያት የሌለው መዘግየት የለም፤ የመዘግየት ምክንያት ደግሞ ሊለካ ይችላል።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ሲስተም እንደምንነጋገር እንግለጽ። የብዙ ትምህርት ተቋማት ድረ ገጾች በሦስት ሶፍትዌሮች ላይ የቆሙ ናቸው። የመጀመሪያው የተጠቃሚውን ጥያቄ ከኢንተርኔት የሚቀበለው የድር ሰርቨር ነው፤ ከእነዚህም አፓቼ በሰፊው የታወቀ ነው። ሁለተኛው በገጹ ውስጥ የሚከተተው የስክሪፕት ቋንቋ ሲሆን ፒኤችፒ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ሥራውም ገጹን ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ነው፤ ለምሳሌ ማይኤስኪዩኤል። ሦስቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1995 ገደማ ነው፤ ሦስቱም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ተማሪ «ውጤቴን አሳየኝ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ጥያቄው በሦስቱም በኩል ያልፋል። መዘግየቱም ከሦስቱ በአንዱ፣ ወይም በመጋጠሚያቸው ላይ ይደበቃል።

ሰርቨር ሲንቀራፈፍ በአብዛኛው የሚወሰዱት እርምጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ሁለተኛው «ማሽኑ አንሶናልና ትልቅ ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ለጊዜው የሚሠራ ይመስላል፤ ተሰልፈው የነበሩት ጥያቄዎች ስለሚበተኑ ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ይፈጥናል። ነገር ግን በማሽኑ መጥፋት አብሮ የሚጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም ማስረጃው ነው። ሜሞሪውን የያዘው የትኛው ፕሮሰስ ነበር? ዳታቤዙ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የነበረው የትኛው ጥያቄ ነው? የሌሎችን መንገድ የዘጋውስ የትኛው ነው? አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚሉት፣ ሳይመረመር የተነሣ ሰርቨር በሽታውን ይዞ ይነሣል። በሚቀጥለው የምዝገባ ቀንም በዚያው በሽታ ተመልሶ ይወድቃል።

የፊዚክስ መምህራን በዚህ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል ቢኖር፣ መልሳችን የሰርቨር ባሕርይ በቁጥር የሚገለጽ ሕግ አለው የሚል ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች ሒሳብ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። ከእርሱ በኋላ የዳበረው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ዛሬም ያገለግለናል። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ቀላሉ ሞዴል መሠረት፣ አንድ ጥያቄ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ጥያቄው ብቻውን ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ ለማሽኑ ትርፍ አቅም ሲካፈል የሚገኘው ነው። ማሽኑ 50 ከመቶ ሲያዝ ቆይታው 2 እጥፍ ይሆናል፤ 80 ከመቶ ሲያዝ 5 እጥፍ፣ 90 ከመቶ ሲያዝ 10 እጥፍ፣ 95 ከመቶ ሲያዝ ደግሞ 20 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ «ገና 10 ከመቶ ይቀረናል» የሚለው መጽናኛ ባዶ ነው። ማክሰኞ ደኅና የነበረ ሰርቨር ረቡዕ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ቢጨመሩበት መቆሙ ተአምር ሳይሆን የዚህ ሕግ ውጤት ነው።

የዚሁ ሕግ ሌላው ገጽታ ግን ተስፋ ሰጪ ነው። 90 ከመቶ በተያዘ ማሽን ላይ የእያንዳንዱን ጥያቄ ሥራ በግማሽ ብንቀንስ፣ ማሽኑ የሚያዘው 45 ከመቶ ብቻ ይሆናል፤ የተጠቃሚው ቆይታም በግማሽ ሳይሆን በ11 እጥፍ ገደማ ያጥራል። እርግጥ ነው፣ ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ማሽን ቢገዛም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ከዚህም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው ይህ ሕግ፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች አማካይ ብዛት በሰከንድ የሚገቡት ጥያቄዎች በአማካይ ቆይታቸው ሲባዛ የሚገኘው ነው ይላል። በምሳሌ እንየው። ማሽናችን 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው እንበል። ዳታቤዙ 2፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 1 ቢወስዱ 5 ጊጋባይት ይተርፋል። ፒኤችፒን በውስጡ የያዘ አንድ የአፓቼ ፕሮሰስ 50 ሜጋባይት የሚፈልግ ከሆነ፣ ማሽኑ የሚችለው 100 ፕሮሰሶችን ነው። አፓቼ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ በሚመድብበት አሠራሩ ግን፣ ካልተነካ በስተቀር፣ እስከ 256 ይፈቅዳል። ይህ ወደ 13 ጊጋባይት ይጠጋል። ትርፉ ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ይገፋል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከሜሞሪ በ100,000 እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ የሚፈቀዱትን ፕሮሰሶች ቁጥር መቀነስ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን ያፈጥነዋል። ብዙዎች ግን በጭንቀት ጊዜ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ እሳቱ ላይ ጭድ ይጨምራሉ።

በእነዚሁ 100 ፕሮሰሶች ላይ እንቆይ። አንድ ጥያቄ 0.2 ሰከንድ ቢፈጅ በሰከንድ 500 ጥያቄዎችን ማስተናገድ ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ካለ በኋላ ፕሮሰሱ «ምናልባት ሌላ ይጠይቀኝ ይሆናል» ብሎ 5 ሰከንድ ቢጠብቀው፣ ቆይታው 5.2 ሰከንድ ይሆናል፤ የሚስተናገዱትም በሰከንድ 19 ብቻ ይሆናሉ። ይህ 5 ሰከንድ ደግሞ አፓቼ 2.4 ሲጫን አብሮት የሚመጣ መጠን ነው። አንድ መስመር በማስተካከል የሚፈታ ችግር ስለሆነ፣ አዲስ ማሽን ከመጠየቅ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው መዘግየት ግን በአብዛኛው የሚገኘው ዳታቤዙ ዘንድ ነው። ዳታቤዝ ኢንዴክስ በሌለው ዓምድ ላይ ሲጠየቅ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ኢንዴክስ ካለው ግን ከአንድ ሚሊዮን መዝገቦች መካከል የተፈለገውን ጥቂት ገጾችን ብቻ ገልጦ ያገኘዋል። ማይኤስኪዩኤል የዘገዩ ጥያቄዎችን የሚመዘግብበት መዝገብ አለው፤ ይሁን እንጂ ሲጫን ዝግ ነው። ከተከፈተም በኋላ ካልተስተካከለ የሚመዘግበው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጁትን ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ሰከንድ የሚፈጁ ሺህ ጥያቄዎች ሰርቨሩን ሲያንቁት መዝገቡ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ገደቡን ወደ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ፣ የተያዙትንም ጥያቄዎች «ኤክስፕሌን» በሚለው ትእዛዝ መመርመር የሐኪም ማዳመጫን ጆሮ ላይ እንደ ማድረግ ነው። የ500 ተማሪዎችን ዝርዝር ለማሳየት 501 ጊዜ ወደ ዳታቤዝ የሚመላለስ ስክሪፕትም በዚሁ ምርመራ ይጋለጣል።

በእኛ ፊደል የሚመጣ አንድ ልዩ ችግርም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ሲጻፍ ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ «ሃ» እና «ኃ» ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ቃላት ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን ለማለፍ ከፊትም ከኋላም ማንኛውንም ፊደል የሚቀበል ፍለጋ ይጽፋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፍለጋ መደበኛው ኢንዴክስ ሊረዳው አይችልም። የቃሉን የመሐል ፊደል ብቻ ይዞ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንደ መፈለግ ነው። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ይህን ችግር ስለማያውቀው መፍትሔውን ከእኛ በቀር የሚያዘጋጅልን የለም። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ጠብቆ፣ ከጎኑ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሌላ ዓምድ መጨመርና ኢንዴክሱን በዚያ ላይ መሥራት ነው። እንዲሁም ማይኤስኪዩኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ስሪት 8.0 በፊት ሲጫን የሚይዘው የፊደል ስብስብ የላቲን ነበር። ይህን ሳያስተካክሉ፣ ጥብቅ ቁጥጥሩንም ሳያበሩ በተሠሩ ሠንጠረዦች ውስጥ የገባ የአማርኛ ስም ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይለወጣል፤ አንዴ ከተለወጠም ከዚያው ሠንጠረዥ ሊመለስ አይችልም።

እንግዲህ ዘዴው ምንድን ነው? በቤተ ሙከራ ለተማሪዎቻችን ከምናስተምረው የተለየ አይደለም። መጀመሪያ ይለካል፤ ከዚያ መላምት ይቀመጣል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ውጤቱ እንደ ገና ይለካል፤ ሁሉም በደብተር ይጻፋል። አምስት ነገሮችን በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው ሰርቨሩ ቢፈጥን እንኳ ለምን እንደ ፈጠነ አያውቅም። በልኬትም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አማካይ ያታልላልና። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ 0.1 ሰከንድ፣ 5ቱ 10 ሰከንድ ቢፈጁ አማካዩ ከ0.6 ሰከንድ ያነሰ ነው። በሪፖርት ላይ መልካም ይመስላል፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን አምስት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ገጹን ዘግተዋል። የአፓቼ የተለመደ መዝገብ እያንዳንዱ ጥያቄ የፈጀውን ጊዜ አይጽፍም፤ በቅንብሩ ውስጥ አንዲት ምልክት ብትጨመር ግን በማይክሮሰከንድ ይጽፋል።

«ማሽን ርካሽ ነው፣ የባለሙያ ጊዜ ግን ውድ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በሌሎች አገሮች ይህ አባባል እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ማሽን በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ሰርቨርን ከሩቅ መከራየትም ከዚህ አያድንም፤ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች የሚያነበው ጥያቄ በኪራይ ማሽን ላይም ያንኑ ያነባል፣ ሒሳቡ ግን በሰዓት ይቆጠራል። ማሽኑ በእርግጥ ያነሰበት ጊዜ የለም አንልም። አለ፤ ማነሱን የሚያረጋግጠው ግን ያው ልኬት ነው። የግዢ ጥያቄ ከልኬት ጋር ሲቀርብ ለወሳኙም ለጠያቂውም ክብር ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ጉዳይ አለ። ሰርቨሩን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ብቻ የሆነበት ቢሮ ብዙ ነው፤ እርሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ለተተኪው የሚቀረው የማስነሻው ቁልፍ ብቻ ነው። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው በወላጆቹ ገንዘብ የሞባይል ዳታ ገዝቶ፣ የምዝገባው ቀን እንዳያልፍበት ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ የሚጫን ተማሪ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለፋኩልቲያችን እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ሰርቨር እንደ ማንኛውም የቤተ ሙከራ መሣሪያ የራሱ ደብተር ይኑረው፤ ቀን፣ የተለወጠው ነገር፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተገኘው ልኬት፣ የለወጠው ሰው ስም ይጻፍበት። ሁለተኛው፣ በሁለተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ትምህርት ውስጥ አንድ አዲስ መልመጃ ይግባ። የሚያስፈልገው ከአገልግሎት የወጣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና እነዚሁ ሦስት ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው። ተማሪዎቹ «አፓቼ ቤንች» በተባለው መሣሪያ ጫናውን ደረጃ በደረጃ ይጨምሩ፤ የቆይታውን ጊዜ በግራፍ ይሣሉ፤ መስመሩ በድንገት ወደ ላይ ሲተኮስ በዓይናቸው ይዩ፤ ከዚያም አንድ ኢንዴክስ ጨምረው ሙከራውን ይድገሙት። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ነገ በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በሬጅስትራር ቢሮ ከሰርቨር ጀርባ የሚቀመጡ ይኖራሉ። ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ለቆመው ሰው ምን እንደ ተበላሸ፣ መቼም እንደሚስተካከል በቁጥር ሊነግሩት ይችላሉ።