ጩኸት ድምፅ አይደለም

«አልተሰማም፤ ዋት ይጨመር!» የዘመኑ ምክር ይህ ነው። ለመሆኑ ጡሩምባ ያለው ድምፅ ማጉያ ለምን ተሠራ? በጥቂት ኃይል ርቆ እንዲሰማ አይደለምን? አንድ ዋት ቢሰጡት አንድ ሜትር ላይ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ኃይሉን እጥፍ ቢያደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ታዲያ ከ20 ዋት ወደ 40 መሄድ ከሻጩ በቀር ማንን ጠቀመ? ለጡሩምባ የሚበጀው አነስተኛ፣ ግን ንጹሕ አምፕሊፋየር ነው። የአምፕሊፋየሩ ጥቂት እሽታ እንኳ በጡሩምባው ጎልቶ ይወጣልና።

ሌላው ጥፋት ቤቱን መርሳት ነው። ሰቆጣ አጠገብ ከዐለት የተፈለፈለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ያስቧል። ድንጋይ ድምፅን አይውጥም፣ ይመልሳል። ማሕሌቱ በእንዲህ ያለ ቤት ዘመናት የኖረው ያለ አንዲት ዋት ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ አዳራሽ ጡሩምባ ደቅኖ ዋት መጨመር ማሚቶውንም አብሮ ማሳደግ ነው፤ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጡሩምባውን ከባዶ ግድግዳ አዙሮ ወደ ሕዝቡ ማዘንበል፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መጋረጃ መስቀል። ይህን ንቆ ቁልፉን እስከ ጥግ የሚያዞር ሰው ነገሩ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች ነው።