ስለ ፖሊስና ስለ መልእክት መሣሪያ

የሰውን ሕይወት እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ፖሊስ ወደ ተጠራበት ቦታ ፈጥኖ መድረሱ ብቻ አይበቃውም፤ የሚሄድበትን ነገር አስቀድሞ በትክክል ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም የአሜሪካ ፖሊስ ታሪክ ገልጦ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ በአውቶሞቢል ላይ ራዲዮ አኑሮ መሥራት ሲጀምር፥ ዘበኛው ትእዛዝ ይሰማ ነበር እንጂ መልስ ለመስጠት አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ሕዝቡ በ911 ሲደውል ጥሪ ተቀባዩ የሰማውን በኮምፒዩተር ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም በቅርብ ያለውን መኪና ያመለክታል፤ ላኪውም ዘበኞቹን ያዛል፤ ጽሑፉም በገመድ አልባ መረብ እስከ መኪናው ድረስ ይሄዳል።

መልእክት የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በመንገድ መቅረት ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች የሰሜኑ ሕንጻ ሊፈርስ መቃረቡን ቢያስጠነቅቁም፥ እሳት አጥፊዎቹ በሌላ መስመር ይነጋገሩ ስለ ነበር ቃሉ አልደረሳቸውም። በዚያም ቀን 343 እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ስለዚህ በ2012 የአሜሪካ ምክር ቤት ለፖሊስ፥ ለእሳት አጥፊና ለአምቡላንስ የጋራ የሚሆን ፈርስትኔት የተባለ መረብ እንዲቋቋም በሕግ ደነገገ።

ሁለተኛው ከመነሻው መጕደል ነው፤ ይህንንም መረብ አያድነውም። በኖቬምበር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ ሰው ደውሎ፥ በመናፈሻ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ መኖሩን ተናገረ፤ ነገር ግን ሽጉጡ ምናልባት የውሸት፥ የያዘውም ምናልባት ልጅ ይሆናል ሲል ጨመረ። እነዚህ ሁለት ቃላት ለላኪውም ለዘበኞቹም ሳይተላለፉ ቀሩ። ዘበኞቹም በደረሱ በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ አንዱ ተኰሰ፤ የ12 ዓመቱም ልጅ በማግሥቱ ሞተ። የያዘው የሽጉጥ አምሳያ ነበር። የዘበኞቹ አቀራረብ ራሱን የቻለ ጥያቄ ቢሆንም፥ ሲነሡ የጐደለው ቃል ግን «ምናልባት» የሚለው ነበር። ከተማዪቱ በ2016 ለቤተ ሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ገንዘብ ግን የሞተውን አያስነሣም።

ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ያደርሳል እንጂ ያልተጻፈለትን አያውቅም። እንግዲህ በማናቸውም አገር ያሉ ሹማምንት ለመሣሪያው ገንዘብ ሲመድቡ፥ ጥሪ ተቀባዩ የተጠራጠረውን ሰው ጥርጣሬ ሳይቀንስ እንዲጽፍ ማስተማርንና መቈጣጠርን ከዚያው ጋራ ሊመድቡ ይገባል። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ነውና፤ ከሥሩ የጐደለ መልእክት በፈጠነ መጠን ጕዳቱ ይፈጥናል።